ምዕራፍ 6፦ «በምን አወቅህ?» ልጅ ሰውን በቃላት እንዲሥል ማስተማር

«ስለ እናታችሁ የሚገልጽ አጭር ድርሰት ጻፉ» የሚል የቤት ሥራ ያልገባበት ቤት ያለ አይመስለኝም። መልሱም በየቤቱ አንድ ዓይነት ነው። «እናቴ በጣም ቆንጆ ናት። እናቴ ጎበዝ ናት። እናቴ ምግብ ትሠራልኛለች። እኔ እናቴን በጣም እወዳታለሁ።» አራት ዓረፍተ ነገር፣ አለቀ። የአንዱን ልጅ ደብተር ከሌላው ጋር ብናቀያይረው መምህሩም እናቶቹም አይነቁም። ጽሑፉ ውስጥ እናት አለች፤ ያቺ እናት ግን የለችም።

ወላጅ ይህን ሲያይ ቶሎ የሚደርስበት ፍርድ «ልጄ ቃላት ያንሰዋል» የሚል ነው። ከዚያ ቅጽል ማስጠናት ይጀመራል፤ ደግ፣ ሩኅሩኅ፣ ትሑት፣ ታታሪ። በሚቀጥለው ሳምንት ድርሰቱ «እናቴ ሩኅሩኅና ታታሪ ናት» ሆኖ ይመጣል። ቃሉ ከበደ እንጂ እናትየዋ አሁንም አልመጣችም።

እኔ እንደማምነው ልጁ ቃላት አላነሰውም። የተጠራጠረ ሰው፣ ያው ልጅ ለጓደኛው ስለ ታክሲው ወያላ ሲያወራ ጆሮውን ጣል ያድርግ። ወያላው በሩ ላይ እንዴት እንደሚንጠለጠል በትከሻው ያሳያል። «ጠጋ ጠጋ በሉ!» ሲል ድምፁን አጎርንኖ ያስመስለዋል። መልስ የጠየቁት አሮጊት ላይ እንዴት እንዳልሰማ ሰው ወደ መስኮት እንደዞረ፣ ሌላው ተሳፋሪ ሲቆጣ ደግሞ ሳንቲሙን እንዴት ከኪሱ በአንድ ጊዜ እንዳገኘው ይተርካል። በሥነ ጽሑፍ ትምህርት «የገጸ ባሕርይ አሳሳል» የሚባለው ይኸው ነው፤ መልክ አለበት፣ ድምፅ አለበት፣ ድርጊት አለበት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ማስረጃ አለበት። ልጁ ያልቻለው ይህንን ከአፉ ወደ ወረቀት ማሻገር ነው። ሲሻገር የሚይዙት ሁለት ነገሮች ናቸው።

እጅ ሲዘገይ

አንደኛው እጁ ነው። በተለመደው አቆጣጠር 33 ፊደላት በሰባት ቤት ሲራቡ 231 ይሆናሉ፤ እነ ሏ፣ ቧና ጓ ገና አልተቆጠሩም። የሁለተኛ ክፍል ልጅ «ይንጎራደዳል» ብሎ ለመጻፍ ሲነሳ፣ «ጎ» እንዴት ነበር፣ «ራ» ከ«ረ» በምን ይለያል እያለ ይቆማል። ፊደሉ ሲገኝ ሐሳቡ ይጠፋል። ስለዚህ «ይሄዳል» ብሎ ይገላገላል። ቃሉን አያውቀውም ማለት አይደለም፤ ለእጁ የሚቀለውን መርጦ ነው።

ካርል ቤራይተርና ማርሊን ስካርዳማሊያ የሚባሉ በካናዳ የሠሩ ተመራማሪዎች በ1987 እ.ኤ.አ. ስለ ድርሰት አጻጻፍ ሥነ ልቡና አንድ ትልቅ መጽሐፍ አሳትመዋል። ጀማሪ ጸሐፊ የሚሄድበትን መንገድ ሲያስረዱ ነገሩ እንዲህ ነው፦ ርእሱን ያያል፣ ስለ ርእሱ መጀመሪያ ትዝ ያለውን ይጽፋል፣ የጻፈው ሌላ ነገር ያስታውሰዋል፣ ያንን ይጽፋል፣ ትዝ የሚለው ሲያልቅ ድርሰቱም ያልቃል። የበሰለ ጸሐፊ ግን የሚያውቀውን ሁሉ እያነሳና እየጣለ ይመርጣል። ስለ እናት መጀመሪያ ትዝ የሚለው ደግሞ ሁላችንም በቃል የያዝነው ነው፤ ቆንጆ፣ ጎበዝ፣ እወዳታለሁ። የልጁ የራሱ የሆነው ነገር የተቀመጠው ከእነዚህ በታች፣ አምስተኛና ስድስተኛ ላይ ነው። እጁ ግን እዚያ ሳይደርስ ይደክማል።

መፍትሔው ቀላል ነው፤ ማሰብንና መጻፍን ለጊዜው መለያየት። ልጁ ይናገር፣ እናንተ ጻፉ። አንዳንድ ወላጅ ይህን እንደ ኩረጃ ያየዋል። ኩረጃ የሚሆነው ሐሳቡ የእናንተ ሲሆን ነው። በኒውዚላንድ የማኦሪ ሕፃናትን ያስተማረችው ሲልቪያ አሽተን ዋርነር ከልጆቹ አፍ የወጣውን ቃል በካርድ ላይ እየጻፈች ለባለቤቱ ትሰጥ፣ በዚያው ታስነብብ ነበር፤ ስለዚሁ ሥራዋ የጻፈችው መጽሐፍ በ1963 እ.ኤ.አ. ወጥቷል። ግን ያን ያህል መራቅም አያስፈልገንም። በእኛ አገር የቅኔ ቤት ተማሪ ቅኔውን የሚቆጥረው በሐሳቡ ነው፤ ለመምህሩ የሚነግረው በቃሉ ነው፤ የሚታረመውም እዚያው በአፉ እያለ ነው። ብራናና ቀለም ቆይተው ነው የሚመጡት። በቃል የተቀናበረ ነገር ድርሰት አይደለም የሚል ካለ ከቅኔ መምህራን ጋር ይነጋገር።

«ሰው አፍጥጠህ አትይ»

ሁለተኛው እንቅፋት ይብሳል፤ ምክንያቱም ያስቀመጥነው እኛው ነን።

ጨዋ ቤት ያደገ ልጅ ሲነገረው የኖረውን አስቡት። ሰው አፍጥጠህ አትይ። ትልልቅ ሰዎች ሲያወሩ ጆሮህን አትስጥ። የሰው ነገር ምን አገባህ። እንግዳ ፊት አታውራ። በብዙ ቤት ደግሞ የሰውን ልጅ መልክ ማድነቅ ራሱ ያስፈራል፤ ዓይን ይበላዋል ይባላል፣ አድናቂውም እንትፍ እንትፍ እንዲል ይጠበቃል። እንዲህ ያደገ ልጅ ደብተር ይሰጠውና «ሰውን ግለጽ» ይባላል። መግለጽ ማለት ደግሞ ትኩር ብሎ ማየት፣ ጆሮ ሰጥቶ መስማት፣ ከዚያም ያዩትን መናገር ነው። አድርግ የተባለው አታድርግ ሲባል የኖረውን ነው። ምን ያድርግ? ወደ ሙገሳ ይሸሻል። ሙገሳ አያስቆጣም።

ለዚህ ነው የልጆቻችን ድርሰት ቀብር ላይ የሚነበብ የሕይወት ታሪክ የሚመስለው። እዚያም ሟች ሁሉ ሰው አክባሪ፣ ለተቸገረ ደራሽና ሥራ ወዳድ ነው። አልቃሹ ሕዝብ ግን ሰውዬውን የሚያስታውሰው በሌላ ነገር ነው፤ ዕድር ላይ ሁልጊዜ ዘግይተው ሲመጡ በሚያቀርቡት ሰበብ፣ ወይ ዝናብ ሲጥል ጫማቸውን አውልቀው በብብታቸው ይዘው በመሮጣቸው። ያ ነገር ከድንኳኑ ውጭ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ ነው የሚወራው።

ጨዋነትን እንጣል አልልም። ልጁ ማወቅ ያለበት በሐሜትና በገለጻ መካከል ያለውን ልዩነት ነው፤ ልዩነቱም ለልጅ የሚገባ ነው። ሐሜት ፍርድ ይሰጣል፤ «ስስታም ናቸው» ይላል። ገለጻ ያየውን ያስቀምጣል፤ «ስኳሩ ሚዛኑ ላይ ከሞላ በኋላ በሁለት ጣታቸው ቆንጠር አድርገው ይመልሳሉ» ይላል። ፍርዱን አንባቢው ይስጥ። ሰውዬው ስስታም ይሁኑ ትክክለኛ፣ እኔ እንጃ፤ ሚዛኑን ያየ ይወስን።

ከዚህ ጋር አንድ የቤት ሕግ ይውጣ፦ የተጻፈው ነገር ለራሱ ለተጻፈበት ሰው ጮክ ተብሎ ሊነበብ የሚችል ይሁን። ይህ ሕግ ብዙ ነገር በራሱ ያጣራል። ዘበኛው ቢያነክሱ ማነከሳቸው ሊጻፍ ይችላል፤ መሳቂያ ሊሆን ግን አይችልም። የሰው ብሔርና ሃይማኖት ደግሞ የጠባይ ማስረጃ አይደሉም። ልጁ «እነሱ እንዲህ ናቸው» ብሎ ሲጀምር አቁሙትና ስለ አንድ ሰው እንደሚጽፍ አስታውሱት። እንዲህ ዓይነት ንግግር ልጅ ከአየር ላይ አያመጣውም፤ ከቤት ነው የሚሰማው። ስለዚህ እርማቱ ለሁለታችንም ነው።

ከማን እንጀምር?

ከእናት አትጀምሩ። ልጅ እናቱን በጣም ቅርብ ሆኖ ስለሚያያት ለይቶ አያያትም፤ ድርሰቱን የምታነበውም እሷው ስለሆነች ነፃነት የለውም። በየቀኑ የሚያየውን፣ ግን ከቤተሰቡ ውጭ የሆነውን ሰው ምረጡ። የሰፈሩ ባለሱቅ ጥሩ ነው። ጉሊት ላይ ሽንኩርትና ቃሪያ የምትደረድረዋ ሴት፣ ሊስትሮው፣ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ፣ ጠዋት ጠዋት «ቆራሌው!» እያለ የሚያልፈው ሰውዬ ሁሉም ይሆናሉ። ቆራሌው በተለይ ድንቅ ነው፤ ብዙ ልጆች ድምፁን ያውቁታል፣ ፊቱን ግን አስተውለውት አያውቁም። «ድምፁን ሰምተህ ፊቱ ምን ይመስልሃል?» ብሎ ጠይቆ፣ በነጋታው በር ላይ ቆሞ ማየት አንድ ሙሉ ትምህርት ነው።

ውጭ አገር ልጅ ለሚያሳድጉ ደግሞ አያት በስልክ አሉ። በዋሽንግተን ወይም በቴል አቪቭ ያደገ ልጅ አያቱን የሚያውቃቸው በቪዲዮ ነው፤ ስልኩን አስጠግተው ስለሚይዙት ግንባራቸው ብቻ ይታየዋል፣ ልክ ሩቅ እንዳለ ሰው ይጮኻሉ፣ ሊዘጉ ሲሉ ምርቃት ይጀምሩና ምርቃቱ ከወሬው ይረዝማል። ልጁ ይህን ግማሹን በእንግሊዝኛ ወይም በዕብራይስጥ ቢነግራችሁ አትቆጡ። ተቀበሉት፣ በአማርኛ ጻፉት፣ መልሳችሁ አንብቡለት። ቃሉን የሚይዘው የራሱን ታሪክ ሲሰማበት ነው።

ቡና እየተፈላ

ይህ ሥራ የቤት ሥራ ሰዓት ላይ ባይሆን ይመረጣል። ደብተር ሲዘረጋ ልጅ ትከሻው ይጠብቃል። ቡና ሲፈላ፣ ሽንብራ ሲለቀም፣ ወይም ከትምህርት ቤት ወደ ቤት በእግር ሲመጣ ይሻላል። ንግግሩ እንዲህ ሊሄድ ይችላል፤ እናት ከሦስተኛ ክፍል ልጇ ጋር ናት።

— ባለሱቁ ጋሼ ምን ዓይነት ሰው ናቸው?

— ጥሩ ሰው ናቸው።

— ጥሩ መሆናቸውን በምን አወቅህ?

— እ... ከረሜላ ይመርቁልኛል።

— ሁልጊዜ?

— አይ፣ እህቴን ይዤ ስሄድ ብቻ።

— እንዴት አድርገው ነው የሚሰጧችሁ?

— መጀመሪያ «ዛሬ የለም» ይላሉ። ከዚያ ከሷ ጆሮ ጀርባ ያወጡታል።

— እሷ ምን ትላለች?

— እስካሁን ጆሮዋ ውስጥ ከረሜላ ያለ ይመስላታል። ማታ ማታ ትፈትሸዋለች።

እናትየዋ እስክሪብቶ ማንሳት ያለባት እዚህ ላይ ነው። ሰውዬው ጥሩ ናቸው የሚለው ከእንግዲህ መጻፍ እንኳ አያስፈልገውም። ልብ በሉ፣ በሩን የከፈተው ትልቅ ጥያቄ አይደለም። «ሁልጊዜ?» የምትል አንዲት ቃል ናት። ልጅ ጠቅልሎ ሲናገር «በምን አወቅህ?» ብሎ ወደ ማስረጃው መመለስ፣ ማስረጃው ሲመጣ «ሁልጊዜ?» ብሎ ማጥበብ፣ ከጠበበ በኋላ «እንዴት አድርገው?» ብሎ ማየት። ይህ ምዕራፍ ከእነዚህ ከሦስቱ ሌላ ባይኖረውም ቅር አይለኝም።

ሲለመድ ሌሎችም ይጨመራሉ። ሲናደዱ በምን ታውቃለህ፣ ሳይናገሩስ? እጃቸው ሥራ ሲያጣ ምን ያደርጋል? ማንም የማያያቸው ሲመስላቸውስ? ከአንተ ጋርና ከአባትህ ጋር የሚያወሩት አንድ ዓይነት ነው? «ለምን?» የሚለውን ግን ለጊዜው ተዉት። «ለምን እንዲህ ያደርጋሉ?» ስትሉት ልጁ ያላየውን መፍጠር ወይም ትልቅ ሰው የሚለውን መድገም ይጀምራል።

ልጁ ያለውን በራሱ አነጋገር ጻፉት፤ አታሳምሩ። «ከጆሮዋ ያወጡታል» ካለ «ከጆሮዋ በስተጀርባ በአስማት መልክ ብቅ ያደርጉታል» አትበሉ። ጽፋችሁ ስትጨርሱ አንብቡለት። ብዙ ጊዜ «አይ፣ እንደሱ አይደለም» ብሎ ያርማችኋል። ልጅ የራሱን ጽሑፍ ማረም የሚጀምረው እንዲህ ነው፤ ስህተቱ የሌላ ሰው እጅ ስለሆነ አያፍርበትም።

በአንደኛና በሁለተኛ ክፍል እንዲህ መሄዱ ይበቃል። ሦስተኛና አራተኛ ላይ ልጁ ከተናገረው ውስጥ በጣም የወደደውን ሁለት ዓረፍተ ነገር ራሱ ይጻፍ፣ ቀሪውን እናንተ ጻፉ፤ ቀስ በቀስ ድርሻው ይብዛ። አምስተኛና ስድስተኛ የደረሰው ብቻውን ይጽፋል፤ እሱም ቢሆን አስቀድሞ ቢያወራው አይጎዳውም።

መልክና አካሄድ

አማርኛ የሰውን መልክ ለመግለጽ የተረፈው ቋንቋ ነው። ጠይም፣ ብስል ቀይ፣ የቀይ ዳማ እያለ ይለያል። ፀጉሩ ሉጫ ወይም ከርዳዳ፣ ሽበት ጣል ጣል ሲያደርግበት ገብስማ ነው። አፍንጫው ሰልካካ ወይም ጎራዳ፣ ድምፁ ጎርናና ወይም ቀጭን ይሆናል። እነዚህን ቃላት ልጅ ቢያውቃቸው ጥሩ ነው፤ የሚማራቸው ግን በዝርዝር ሳይሆን ሰው ሲያይ ነው። አጎቱ ሲመጡ «ፀጉራቸው ገብስማ ሆነ አይደል?» ብትሉት ቃሉ ከነባለቤቱ ይቀመጣል።

ችግሩ ልጅ ቃሉን ሲያገኝ ከፀጉር እስከ ጫማ መደርደሩ ነው። ቁመቷ ዘለግ ያለ፣ ፊቷ ሞላላ፣ ዓይኗ ትልቅ፣ ጥርሷ ነጭ... ተነቦ ሲያልቅ ማንም አይታይም። ሁለት ነገር ብቻ ይምረጥ፤ ሁለቱም የሚሠሩ ይሁኑ። አንዲት ሴት የጎደለ ጥርስ አላቸው ማለት መረጃ ነው። «ሲስቁ የነጠላቸውን ጫፍ ወደ አፋቸው ይወስዳሉ» ሲባል ግን ሴትዮዋ መጡ። «መቃ አንገት» እና «ጥርሷ ሐጫ በረዶ» የመሳሰሉትንም ለዘፋኞች እንተውላቸው፤ እዚያ ያምራሉ፣ የሦስተኛ ክፍል ልጅ አክስቱን በዚህ ከገለጻት ግን አክስቱን አላያትም።

ከመልክ ይልቅ እኔ የማደላው ለአካሄድ ነው። ጎምለል ጎምለል የሚል አለ፣ የሚንጎራደድ አለ፣ ዘገም የሚል አለ፣ ኩስ ኩስ የሚል አለ። ገና ከበር ሲገባ ሰውዬው ባለጊዜ ይሁን የደከመው ይታወቃል። ደግሞም ቋንቋችን ጥቃቅን እንቅስቃሴን የሚይዙ ግሦች ሞልተውታል፤ ገልመጥ አለ፣ ፈገግ አለ፣ ብድግ አለ፣ ዘንበል አለ፣ ሸርተት አለ፣ ቆፍጠን አለ። «ተናደደ» ከሚለው ይልቅ «ገልመጥ አደረገኝና ዝም አለ» የሚለው ስንት ጊዜ ይበልጣል! ልጁን በቤት ውስጥ እነዚህን በአካል አስጫውቱት። አንዱ ያደርጋል፣ ሌላው ግሡን ይናገራል። ለመማር ከሚሆኑ ጨዋታዎች ውስጥ ወጪ የሌለው ይሄ ነው።

ሌላም የአማርኛ ጉዳይ አለ። በአማርኛ ስለ አንድ ሰው ስንጽፍ «እሱ» ወይም «እሳቸው» ማለት ግድ ነው፤ መካከለኛ የለም። ልጁ ባለሱቁን «መጡ» ብሎ ዘበኛውን «መጣ» ካለ፣ ለምን እንደሆነ ጠይቁት። ብዙ ጊዜ ዘበኛው ከባለሱቁ በዕድሜ ይበልጣሉ። ልጁ ምን እንደሚመልስ አላውቅም፤ ከዚያ የሚነሳው ወሬ ግን ከድርሰቱ በላይ ሊረዝም ይችላል፣ ይርዘም።

ማሞ ቂሎን በምን አወቅነው?

ተረቶቻችን ለዚህ ትምህርት ተዘጋጅተው የተቀመጡ ይመስላሉ። ማሞ ቂሎን ውሰዱ። ሠርቶ ያገኘውን ሳንቲም መንገድ ላይ ይጥላል፤ እናቱ «ኪስህ ውስጥ ብትከተው ምን ነበረበት?» ትለዋለች። በነጋታው ደመወዙ ወተት ይሆናል፤ ማሞም ምክር ሰሚ ነውና ወተቱን ኪሱ ውስጥ ይገለብጠዋል። ስሙን ብትሸፍኑት እንኳ ማን እንደሆነ ይታወቃል። ደግሞ ልብ ካልን ሞኝ ብቻ አይደለም፤ ታዛዥ ነው፣ እናቱን ያምናል፣ ቅር አይለውም። ይህን ሁሉ ተራኪው አልነገረንም። ተረቱን ነግራችሁ ስትጨርሱ ልጁን «ማሞ ምን ዓይነት ልጅ ነው? በምን አወቅህ?» በሉት። ወተቱን ይጠራላችኋል።

ድምፅን ለማስተማር ደግሞ አባባ ተስፋዬ ሣህሉን የሚያህል አልነበረም። ለአስርት ዓመታት በቴሌቪዥን ለልጆች ተረት ሲነግሩ ጅቡንም ጦጣዋንም አንበሳውንም ብቻቸውን ይሆኑ ነበር፤ አዳማጩ ማን እንደተናገረ ለማወቅ ስም አያስፈልገውም። አለቃ ገብረ ሐናም በሕዝብ አእምሮ የቀሩት በአንደበታቸው ነው። ስለ መልካቸው የሚያወራ ብዙ ሰው አላጋጠመኝም፤ ቀልዳቸውን የማያውቅ ግን የለም። ልጁ ሰውዬው የሚደጋግሙትን አንድ አባባል፣ እንደወረደ፣ በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ ቢያስገባ ድርሰቱ ነፍስ ይዘራል።

ተረት አንድ ወጥመድ አለው። በተረት ዓለም ጅብ ሁልጊዜ ሆዳም፣ ጦጣም ሁልጊዜ ብልጥ ናት። ልጅ ይህን ሲለምድ የሰውንም ጠባይ በአንድ ቃል ይዘጋዋል። ማስለቀቂያው «ሥጋ የማይወድ ጅብ ቢኖር ቀኑን በምን ያሳልፋል?» ብሎ መጠየቅ ነው። ወይም ከሚያውቃቸው ሁለት ሰዎች አዲስ ሰው ይፍጠር፤ የአያቱን አካሄድ ይውሰድ፣ የወያላውን ድምፅ ይጨምርበት፣ ከዚያ ምን እንደሚፈልግና ምን እንደሚፈራ ይወስን። ከዚህ በኋላ ታሪኩ ራሱ ይመጣል።

ከፍ ላሉት ከመጻሕፍት ማሳየት ይቻላል። የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ የሚባለው፣ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. በሮም ያሳተሙትና በኋላ «ጦቢያ» በሚል ስም የታወቀው መጽሐፍ፣ ወንድ መስላ ለብሳ መንገድ ስለወጣች ልጅ ይተርካል። ልብስ አንድ ነገር ሲናገር ሰውነት ሌላ ሊሆን እንደሚችል ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ የለም። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ሲወጣ ካመጣቸው ሰዎች መካከል ጉዱ ካሣ አለ፤ መንደሩ እንደ እብድ የሚያየው፣ አንባቢ ግን አስተዋይነቱን የሚያውቅለት ሰው። ቅጽል ስሙ ከእሱ ይልቅ ስለ ሰያሚዎቹ ይናገራል። መጽሐፉ ለስድስተኛ ክፍል ልጅ ይከብደዋል፤ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ያነበበውን ትረካ አብሮ ቁጭ ብሎ ትንሽ ትንሽ መስማት ግን አይከብድም።

ቀይ እስክሪብቶ

ልጁ ራሱ ጽፎ ሲያመጣ ብዙ ወላጅ ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው ፊደል ላይ ነው። «ሐ» ነው ወይስ «ኀ»፣ «ሠ» ነው ወይስ «ሰ»፣ «ጸ» ነው ወይስ «ፀ»? በዚህ ጉዳይ ጋዜጦቻችንና መጻሕፍቶቻችን እንኳ እስካሁን አልተስማሙም፤ የስምንት ዓመት ልጅ አስቀድሞ ይስማማ ማለት ግፍ ነው። ፊደል ይታረማል፤ ግን በሌላ ቀን፣ አንድ አንድ ቃል እየተባለ። በመጀመሪያው ቀን መልሳችሁ ስለ ሰውዬው ይሁን፦ «ከረሜላውን በየትኛው እጃቸው ነው የሚደብቁት?» ልጁ ካላወቀ ነገ ሱቅ ሲላክ አይቶ ይመጣል። ድርሰት ለመጻፍ ሱቅ የሄደ ልጅ ከዚያ በኋላ ሰው የሚያይበት ዓይን ይለወጣል።

አንድ መስመር እየዘለለ እንዲጽፍ አድርጉት። በባዶው መስመር ላይ የረሳውን ይጨምርበታል፤ ሁሉንም ገልብጦ መጻፍ የለበትም። ልጆች ማሻሻልን የሚጠሉት ግልበጣ ስለሚመስላቸው ነው።

መምህሩስ? ክፍል ሙሉ ደብተር የሚያርም መምህር «እናቴ ቆንጆ ናት» የሚለውን ጠብቆ ማርክ ሊሰጥ ይችላል፤ የመማሪያ መጽሐፉም ሥዕላዊ ድርሰት ከሌሎቹ የድርሰት ዓይነቶች በምን እንደሚለይ በማስጠናት ይወሰን ይሆናል። ልጁን ከመምህሩ ጋር አታጋጩት። የተጠየቀውን አንድ መስመር ይጻፍና ከሥሩ የራሱን ሁለት መስመር ይጨምር። እነዚያን ሁለት መስመሮች አንብቦ ማርክ የሚቀንስ መምህር እስካሁን አላየሁም።

እንግዲህ ወላጆች፣ አንድ ቀጭን ደብተር ግዙና ለዚህ ብቻ አድርጉት። ከሰፈራችሁ አንድ ሰው ዛሬ ማታ ይመረጥ። ልጁ ይናገር፣ እናንተ ጻፉ፣ ከግርጌው ቀኑን አስቀምጡ። አምስት ዓረፍተ ነገር ከሆነ ይበቃል፤ በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ሰው ይምጣ።